የሚያስታግሰውና የሚቆጣጠረው፦ የአስም፣ የአፍንጫ አለርጂና የችፌ መድኃኒቶች ሲነጻጸሩ

አስም ያለበት ሰው ዘንድ ብዙ ጊዜ ሁለት ፓፍ ይገኛል። አንዱ ከኪስ የማይለይ፣ ጽሑፉ በእጅ ብዛት የደበዘዘ ነው። ሌላው ከነካርቶኑ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የመጀመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይከፍታል። ሁለተኛውን ሲስቡት ግን ወዲያው የሚታወቅ ለውጥ የለም። ሰው ደግሞ የሚያምነው የሚሰማውን ነው። ስለዚህ የኪሱ ፓፍ ቶሎ ቶሎ ይተካል፣ የመሳቢያው ጊዜው ያልፍበታል። ሰውን ከድንገተኛ ክፍልና ከሞት የሚጠብቀው ግን ያ የተረሳው ነው።

በአፍንጫም በቆዳም ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ቶሎ የሚሰማው መድኃኒት ይወደዳል፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ይናቃል። ከብዙ መድኃኒቶች መካከል ለመምረጥ ስንቸገር በቅድሚያ ልንጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ይህ መድኃኒት ምልክቱን ነው የሚያስታግሰው ወይስ ከስር ያለውን መቆጣት ነው የሚያበርደው? የምርቱ ስም፣ የማሸጊያው ቀለም፣ «ጠንካራ ነው» የሚባለው ወሬ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በደቂቃ የሚመጣውና በሰዓት የሚመጣው

አለርጂ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነው። የነገሩ ዋና ተዋናይ የሆነው አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል የታወቀው ግን በ1960ዎቹ ዓመታት ነው፤ ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ በአንድ በኩል፣ የስዊድን ተመራማሪዎች በሌላ በኩል ደረሱበት። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት ምንም ጉዳት ለሌለው ነገር፣ ለአቧራ ቅንቅን፣ ለአበባ ብናኝ፣ ለድመት፣ ጠላት እንደመጣበት ሆኖ አይጂኢ ያዘጋጃል። አይጂኢው በአፍንጫ፣ በሳንባና በቆዳ ውስጥ ባሉ ማስት ሴል በተባሉ የመከላከያ ሴሎች ላይ እንደ ወጥመድ ተጠምዶ ይጠብቃል።

ብናኙ ሲመጣ ወጥመዱ ይፈነጠራል፣ ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ይረጫል። ማስነጠስ፣ ማሳከክ፣ የአየር ቧንቧ መጨማደድ በደቂቃዎች ውስጥ ይከተላሉ። ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው። ሁለተኛው ዙር ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይመጣል፤ ኢኦሲኖፊልን የመሳሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፣ ገለፈቱ ያብጣል፣ ወፍራም አክታ ይመረታል። መነካካቱ ከተደጋገመ ሁለተኛው ዙር ሳይበርድ ሌላ ይደረብበታል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንን ነው። ሕመምተኛው ደህና ነኝ በሚልበት ቀን እንኳ ከስር እየጨሰ ይቆያል።

ሳልቡታሞል (ያ የኪሱ ፓፍ)፣ የአፍንጫ ጠብታና አብዛኛው የአለርጂ ክኒን የሚሠሩት በመጀመሪያው ዙር ላይ ነው። ስቴሮይድ የተባለው ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት፣ የሚተነፈሰው፣ የሚረጨውና የሚቀባው፣ ደግሞ ሁለተኛውን ዙር ያበርዳል።

አስም፦ ሳልቡታሞል ብቻውን አይበቃም

ሳልቡታሞል ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የተጨማደደውን የአየር ቧንቧ ጡንቻ ያላላል፤ ጥቅሙ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እብጠቱን ግን አይነካም። ከባዱ አደጋም እዚህ ላይ ነው፤ ትንፋሹ የተከፈተለት ሰው ተሻለኝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ብግነቱ በበኩሉ ይቀጥላል። በዚያ ላይ በየቀኑ ሲደጋገም ሰውነት ለመድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽ እየደከመ ይሄዳል።

ለሃምሳ ዓመታት ያህል ቀላል አስም ያለበት ሰው ሲያፍነው ብቻ ሳልቡታሞል እንዲወስድ ይነገረው ነበር። ጊና በሚል ምህፃር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ምክር ሰርዞታል። 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ማንም የአስም ሕመምተኛ፣ አስሙ ቀላል ቢሆንም፣ ከሳልቡታሞል ጋር ወይም በምትኩ የሚተነፈስ ስቴሮይድ ሊያገኝ ይገባል። ተቋሙ የሚሰጠው መለኪያም ቀላል ነው። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ባለ 200 ፓፍ ጠርሙስ ሳልቡታሞል የሚጨርስ ሰው ለከባድ ጥቃት ያለው ስጋት ይጨምራል፤ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ ለሞት ያለው ስጋት ይጨምራል። እባክዎ ባለፈው ዓመት ስንት እንደጨረሱ ይቁጠሩ።

ታዲያ ምርጫዎቹ ምንድን ናቸው? ዋናዎቹ ሁለት ናቸው።

አንደኛው የቆየው መንገድ ነው። ከሚተነፈሱት ስቴሮይዶች አንዱ፣ ቤክሎሜታሶን፣ ቡደሶናይድ ወይም ፍሉቲካሶን፣ ጧትና ማታ ይወሰዳል፣ ሳልቡታሞል ሲያስፈልግ ብቻ። በትክክል ከተያዘ በጣም ይሠራል። ድካሙ «ከተያዘ» የሚለው ቃል ላይ ነው፤ ደህና በሆኑበት ቀን መድኃኒት ማስታወስ ለሰው ይከብዳል።

ሁለተኛው ቡደሶናይድና ፎርሞቴሮል በአንድ ፓፍ ውስጥ የተጣመሩበት ነው። ፎርሞቴሮል እንደ ሳልቡታሞል በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል። ስለዚህ ሰውየው ለእፎይታ ብሎ በሳበ ቁጥር ስቴሮይዱንም አብሮ ያገኛል። ቀላል አስም ላለበት ሰው ሲያስፈልግ ብቻ፣ ከዚያ ለከፋው ደግሞ በየቀኑም ሲያስፈልግም ይሰጣል። በየቀኑ መውሰድ ለሚያቅተው፣ ለወጣቶችና ሥራ ለሚበዛበት ሰው እኔ ያለ ማመንታት ይህን እመርጣለሁ። ሁለት ጥንቃቄ አለው። በቀን ከተወሰነ ቁጥር ማለፍ አይፈቀድም፤ ጣሪያውን ሐኪምዎ ይንገርዎ። ደግሞም ከስቴሮይድ ጋር የተጣመረ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ሳልሜቴሮል ያለበት ፓፍ የሚጀምረው ዘግይቶ ስለሆነ በጭንቅ ሰዓት አያድንም።

ጥምሩ ካልተገኘስ? ሳልቡታሞል በወሰዱ ቁጥር ወዲያው አስከትሎ ስቴሮይዱን መሳብ ተቀባይነት ያለው አማራጭ ነው። ሁለት ጠርሙስ መያዝን ይጠይቃል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ክኒን የሚመርጡ አሉ። ሞንቴሉካስት ለአንዳንዱ ይረዳል፣ ነገር ግን ከሚተነፈስ ስቴሮይድ ይደክማል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ከባዱን ማስጠንቀቂያ ጨምሮበታል፤ ቅዠት፣ የጠባይ መለወጥና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊያመጣ ይችላል። ለልጅ ሲታዘዝ ወላጅ ይህን አውቆ እንቅልፉንና ጠባዩን መከታተል አለበት። የሳልቡታሞል ክኒንና ሽሮፕ ከፓፉ ዘግይቶ ይሠራል፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠንም ያበዛል። ፓፍ ማግኘት እየተቻለ እሱን የሚያስመርጥ ምክንያት አይታየኝም።

ፍርሃቱን ላልፈው አልችልም። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል»፣ «ስቴሮይድ ይጎዳል» የሚባለው ብዙ ሰው ከመድኃኒቱ አርቋል። ስቴሮይድ በአፍ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በእርግጥ ይጎዳል፤ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን ዝቅተኛው የአዋቂ ቡደሶናይድ መጠን በቀን ከ200 እስከ 400 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በከባድ ጥቃት ጊዜ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን በቀን 40 ሚሊግራም፣ ማለትም 40,000 ማይክሮግራም ያህል ይደርሳል። ትንሹን ፈርቶ የሚተው ሰው መጨረሻው ትልቁን መውሰድ ነው። የሚተነፈሰው ስቴሮይድ የሚያስከትለው የድምፅ መጎርነንና የአፍ ውስጥ ፈንገስ ከወሰዱ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ በመትፋት ይቀንሳል። በልጆች ቁመት ላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ትንሽ መቀነስ ሊኖር ይችላል። ያልተያዘ አስምም እድገትን እንደሚጎዳ ግን መዘንጋት የለበትም።

አስምዎ መያዝ አለመያዙን ለማወቅ ያለፉትን አራት ሳምንታት ያስቡ። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ምልክት ነበረ? ሌሊት ቀስቅሶዎታል? ማስታገሻ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ወስደዋል? ከሚሠሩት ነገር የተዉት አለ? አንዱ እንኳ አዎ ከሆነ ሕክምናው መታየት አለበት።

ዕቃው፦ ፓፍ ከስፔሰር ጋር፣ የዱቄት መሳቢያ ወይስ ኔቡላይዘር?

መድኃኒቱ ትክክል ሆኖ አወሳሰዱ የተበላሸበት ሰው ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። ፓፉ የሚፈልገው ዝግ ያለ፣ ረጅም ትንፋሽ ነው፤ ነቅንቆ፣ ትንፋሽን አስወጥቶ፣ መሳብ ሲጀምሩ መጫን፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ያህል መያዝ። የዱቄት መሳቢያው ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ከመጀመሪያው ፈጣንና ጠንካራ ስበት። ከአንዱ ወደ ሌላው የተቀየረ ሰው የድሮውን አሳሳብ ይዞ ከቀጠለ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ዱቄቱ እርጥበት አይወድም፣ ስለዚህ ወደ ውስጡ አይተንፍሱ።

ፓፍ ለብቻው ሲረጭ አብዛኛው አፍና ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ስፔሰር የተባለው ባዶ ቱቦ ጭጋጉን ይዞ ያቆየዋል፣ ስበትና መጫንን ማገጣጠም አያስፈልግም። ለትንሽ ልጅ ከጭምብል ጋር ግድ ነው፤ ዱቄት መሳቢያ ከስድስት ዓመት ግድም በፊት አይታሰብም። ስፔሰር ካልተገኘ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው ከታሸገ ከተገዛው ስፔሰር የማያንስ ሥራ እንደሚሠራ አሳይቷል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢበዛ ምንኛ ጥሩ ነበር። የፕላስቲክ ስፔሰር በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሳይወለወል በአየር ይድረቅ፤ ሲወለወል የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል።

ኔቡላይዘር «ትልቁ መድኃኒት» ተደርጎ ይታያል። በአብዛኛው ጥቃት ላይ ግን ስፔሰር ያለው ፓፍ ከእሱ አያንስም፣ ጊዜም አይወስድም። ኔቡላይዘር ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ ሰው በእሱ ተማምኖ ወደ ሐኪም መሄዱን ያዘገያል።

የታፈነ አፍንጫ

እኔ ራሴ አፍንጫዬን በጠብታ እየከፈትኩ የኖርኩበት ጊዜ ነበር፤ ጠብታው ሲያልቅብኝ እንቅልፍ የለም። ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የደም ሥሮችን ጨብጠው በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫ ይከፍታሉ። ከ5 እስከ 7 ቀን ካለፉ ግን ሥሮቹ ያለ ጠብታው መጨበጥ ያቅታቸዋል፣ አፍንጫው ከበፊቱ ብሶ ይደፈናል፣ ሰውየውም እንደገና ይጨምራል። ጠብታው ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያገለግል ነው። የለመደበት ሰው የሚረጭ ስቴሮይድ ጀምሮ ጠብታውን ይተው፤ አንዳንዱ በአንድ አፍንጫ ቀዳዳ አስቀድሞ በመተው ይቀለዋል።

ምልክቱ በሳምንት ከአራት ቀን በታች የሚመጣና ቀላል ከሆነ እንቅልፍ የማያመጣ የአለርጂ ክኒን ይበቃል። ለማሳከክ፣ ለማስነጠስና ለሚፈስ አፍንጫ ጥሩ ነው። መታፈንን ግን እምብዛም አይፈታም። በሳምንት አራትና ከዚያ በላይ ቀን፣ ለአራት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ ከሆነ፣ ወይም እንቅልፍና ሥራ የሚያውክ ከሆነ፣ የሚረጭ ስቴሮይድ ከክኒኑ ይበልጣል። ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶንና ቡደሶናይድ በውጤት ይቀራረባሉ፤ ከሦስቱ የተገኘውን መውሰድ ነው። ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ሲወሰድ ነው። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው። ሁለት ሳምንት መታገስ ለማይቻለው አዜላስቲን የተባለው የሚረጭ ፀረ ሂስታሚን በሩብ ሰዓት ግድም ይጀምራል፤ ከስቴሮይድ ጋር የተጣመረ ዓይነትም አለ።

አረጫጨቱን ማንም አላሳየኝም ነበር፣ ያዘዘልኝም የሸጠልኝም። አንገት ትንሽ ወደ ፊት ይደፋል እንጂ ወደ ኋላ አይቀናም። ለቀኝ ቀዳዳ ግራ እጅ፣ ለግራው ቀኝ እጅ ይያዝ፤ እንዲህ ሲሆን ጫፉ ከመሃል ግድግዳው ርቆ ወደ ውጭ፣ ወደ ዓይን ጥግ አቅጣጫ ይዞራል። ነስር የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ መሃሉን መርጨት ነው። ከረጩ በኋላ በኃይል አይሳቡት፤ ጉሮሮ ላይ ጣዕሙ ከመጣ መድኃኒቱ ከአፍንጫ አልፏል ማለት ነው።

በጨው ውኃ ማጠብ ከስቴሮይዱ በፊት ቢደረግ ንፍጡን ጠርጎ መንገድ ይከፍታል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። በመርፌ የሚሰጠው፣ ለሳምንታት የሚቆየው ስቴሮይድ ግን ለአፍንጫ አለርጂ አይመከርም፤ በሚረጭ መድኃኒት ለሚያዝ ነገር መላ ሰውነትን ለጉዳት ማጋለጥ ነው። የአስም ሰዎች አፍንጫቸውን ችላ ባይሉ እመክራለሁ። አብዛኞቹ የአፍንጫ አለርጂም አለባቸው፤ አፍንጫው ሳይታከም የቆየ ሰው አስሙም ለመያዝ ያስቸግራል።

አሮጌውና አዲሱ የአለርጂ ክኒን

አሮጌዎቹ፣ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚንና ዲፈንሀይድራሚን፣ ወደ አንጎል ይገባሉ። ያስተኛሉ፣ ትኩረትን ያደክማሉ፤ አንዳንዱ ሰው እንቅልፍ ሳይሰማው እንኳ አነዳዱና ትምህርቱ ይበላሻል። አዲሶቹ፣ ሎራታዲን፣ ፌክሶፌናዲን፣ ሴትሪዚንና ዴስሎራታዲን፣ ወደ አንጎል የሚገቡት እምብዛም ነው፤ ሴትሪዚን ጥቂቶችን ያንቀላፋል፣ ፌክሶፌናዲን ደግሞ ከሁሉ ያነሰ። «የሚያስተኛው ይበረታል» የሚለው እምነት ስህተት ነው። ዘወትር ለሚወስድ ሰው፣ ለሾፌር፣ ለተማሪና ለአረጋዊ አሮጌዎቹ መመረጥ የለባቸውም።

ችፌ፦ ቅባቱ መሠረት ነው

የአለርጂ ችፌ ያለበት ቆዳ ግድግዳው የላላ ቤት ነው። እርጥበቱ ይወጣል፣ የሚያስቆጣው ይገባል። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ከውልደቱ ነው፤ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ጉድለት ከችፌ ጋር መያያዙ እ.ኤ.አ. በ2006 ታውቋል። ስለዚህ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ማለስለሻ ይቀድማል።

ከማለስለሻዎቹ መካከል ቅባት፣ ለምሳሌ ቫዝሊን፣ ውኃ ስለሌለው እርጥበትን ከሁሉ በላይ ይይዛል፤ መከላከያ ኬሚካልም ስለማይጨመርበት አያቃጥልም። በጣም ለደረቀ ቆዳና ለሌሊት ይስማማል። ክሬም ቶሎ ስለሚገባ ለቀን ይቀላል። ሎሽን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ለፀጉራማ ቦታ ካልሆነ ለችፌ ደካማ ነው፣ የተላጠ ቆዳንም ይለበልባል። ሽታ ያለውን ሁሉ ይተዉ። የሚጠቅመው ዓይነት ሰውየው ሳይሰለች በየቀኑ የሚቀባው ነው፤ መጠኑም ብዙ መሆን አለበት፣ መላ ሰውነቱ ለተያዘ አዋቂ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም። ለብ ባለ ውኃ አጭር ገላ መታጠብ፣ ከዚያ ሳይደርቅ መቀባት። ልብስና አንሶላ ላይ የቀረ የፓራፊን ቅባት በቀላሉ እንደሚቀጣጠል ያስታውሱ፤ ከእሳት ይራቁ።

ቆዳው ሲቆጣ ስቴሮይድ ይጨመራል፣ እዚህ ላይ የጥንካሬ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሃይድሮኮርቲሶን 1 በመቶ ለስላሳ ነው፣ ለፊትና ለሕፃናት ይሆናል። ቤታሜታሶን ቫለሬት 0.1 በመቶ ጠንካራ ሲሆን ለእጅ፣ ለእግርና ለገላ ነው። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ከሁሉም የበረታ ነው፤ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ፊት ላይ ሊውል አይገባም። የሰው ስህተት በሁለቱም ጫፍ አለ። አንዱ ክሎቤታሶልን ለወራት ፊቱ ላይ ቀብቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ሲያቆም ደግሞ ይቃጠላል። ሌላው ሃይድሮኮርቲሶንን ፈርቶ በቁንጥር ይቀባና ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል። መለኪያው የጣት ጫፍ ነው፤ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተዘረጋ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያክል ቆዳ ይሸፍናል። በቀን አንዴ፣ ቆዳው እስኪለሰልስ ድረስ። ጥቁር ቆዳ ላይ መቆጣቱ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ግራጫ፣ ወይን ጠጅ ወይም የጠቆረ ይመስላል፣ ስለዚህ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅም ዳስሰው ይመርምሩት።

ለዓይን ሽፋን፣ ለፊትና ለአንገት ስቴሮይድ ያልሆነው ታክሮሊመስ የተባለ ቅባት ጥሩ ምርጫ ነው፤ ቆዳ አያሳሳም። ለልጆች 0.03፣ ለአዋቂ 0.1 በመቶ ያለው ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፣ ይህን ሳይነግሩት የሚሰጡት ሰው በማግስቱ ይጥለዋል። ችፌው ለሚመላለስበት ሰው ደግሞ ቆዳው ከዳነ በኋላ በለመደበት ቦታ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ስቴሮይድ ወይም ታክሮሊመስ መቀባት ጥቃቱን ያራርቃል። የአለርጂ ክኒን ለችፌ ማሳከክ ብዙም አይረዳም፤ የችፌ ማሳከክ ዋና ምንጩ ሂስታሚን አይደለም።

ስለ ቆዳ ከተነሳ፣ ከስድስት ሳምንት በላይ የሚመላለስ፣ እየተነሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ቦታውን የሚለቅ እብጠት ያለው ሽፍታ ችፌ አይደለም። ብዙውን ጊዜም ምግብ አያመጣውም፤ ምግብ እየቀነሱ ሰውነትን ማክሳት ጥቅም የለውም። እዚህ ላይ የሚያሸንፈው የማያስተኛው ክኒን ነው፣ ሲያሳክክ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ። ካልበቃ ሐኪም እስከ አራት እጥፍ ያደርሰዋል፤ ከዚያም ኦማሊዙማብ የተባለ መርፌ አለ።

የቆዳ ምርመራ ወይስ የደም?

በቆዳ ላይ ጠብታ አድርጎ ጫር የሚያደርገው ምርመራ ውጤቱን በሩብ ሰዓት ግድም ያሳያል። ከእሱ በፊት የአለርጂ ክኒን ለጥቂት ቀናት መቋረጥ አለበት። ክኒን ማቋረጥ ለማይችል ወይም ቆዳው በሙሉ ለተቆጣ ሰው የደም አይጂኢ ምርመራ ይሻላል። ሁለቱም የሚያሳዩት ሰውነት መዘጋጀቱን ነው፤ በዚያ ነገር መታመምን አያረጋግጡም። ስለዚህ ታሪክ ሳይጠየቅ በጅምላ የሚደረግ ምርመራ ሰውን ካለ ጥፋቱ ከምግብ ይለያል። አይጂጂ የተባለውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ለክተናል ብለው ረጅም የተከለከለ ምግብ ዝርዝር የሚሰጡ ምርመራዎችን አይግዙ፤ አይጂጂ የሚያሳየው ምግቡን መመገብዎን ነው።

ምርመራው ቅንቅን ካሳየ አንሶላን በ60 ዲግሪ ማጠብ፣ ፍራሽን በቅንቅን መከላከያ ሽፋን መሸፈንና የክፍሉን እርጥበት መቀነስ አብረው ሲሠሩ ነው የሚረዱት፤ አንዱ ብቻውን ብዙም አይለውጥም። ድመት ከቤት ከወጣች በኋላም አለርጂዋ ለወራት ይቆያል።

ወደ ሥሩ የሚሄዱት

ሰውነትን ከሚያስቆጣው ነገር ጋር በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ የቆየ ሐሳብ ነው፤ ሌናርድ ኑን የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ የሣር ብናኝ በመርፌ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ዛሬ በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር በሚቀመጥ ክኒንና ጠብታ ይሰጣል። መርፌው በክሊኒክ ይወጋል፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ አልፎ አልፎ ከባድ ምላሽ ሊያስነሳ ይችላል። የምላሱ የመጀመሪያው ብቻ ሐኪም ፊት ይወሰዳል፣ ቀሪው በቤት፤ አፍ ያሳክካል፣ ከባድ ምላሹ ግን ከመርፌው ያነሰ ነው። ሁለቱም ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠይቃሉ። በዓመቱ የሚያቋርጥ ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል፤ አስሙ ያልተያዘለትም አይጀምረውም።

ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች ብግነቱን የሚያስተላልፈውን አንድ መልእክተኛ ለይተው ይዘጋሉ። ኦማሊዙማብ አይጂኢን፣ ሜፖሊዙማብ የኢኦሲኖፊልን መራቢያ ምልክት፣ ዱፒሉማብ ደግሞ የኢንተርሉኪን 4ንና 13ን መንገድ ይይዛሉ። ለከባድ አስምና ለከባድ ችፌ ሕይወት ቀያሪ ናቸው። ነገር ግን ከእነሱ በፊት መጠየቅ ያለበት ፓፉ በትክክል ይሳባል ወይ፣ ቅባቱ በበቂ ይቀባል ወይ ነው። «ከባድ አስም» ከተባለው ብዙው በዚህ ይፈታል።

ጭንቅ ሲመጣ

የአስም ጥቃት ሲነሳ ሳልቡታሞልን በስፔሰር አንድ በአንድ ከ4 እስከ 10 ፓፍ መውሰድ፣ በየ20 ደቂቃው መድገም ይቻላል። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው ሰው ግን ወደ ሐኪም ቤት እየተወሰደ መንገድ ላይ ፓፉ ይሰጠው እንጂ ቤት ውስጥ አይጠበቅ።

ከምግብ፣ ከመድኃኒት ወይም ከንብ ንድፊያ በኋላ ሽፍታ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከጉሮሮ መዘጋት ወይም ከመዝለፍለፍ ጋር በደቂቃዎች ውስጥ ከመጣ ክኒን አይፈለግም። ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ በጭኑ መሃል በውጭ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ፣ ለአዋቂ እስከ 0.5 ሚሊግራም። የአለርጂ ክኒን ሽፍታውን ያጠፋ ይሆናል፣ የወረደውን የደም ግፊት ግን አያነሳም፤ ብዙ ሰው የሚሞተው አድሬናሊኑ ስለዘገየ ነው። ሰውየውን አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ ትንፋሽ ካስቸገረው ይቀመጥ፣ አያቁሙት፣ አያስኬዱት። በ5 ደቂቃ ካልተሻለው መርፌው ይደገማል። ተሻለኝ ቢልም ሐኪም ቤት ለሰዓታት ይቆይ፤ ምላሹ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።